ከሰዓት ገደቡ በኋላ የደረሰ ሰው

ቢኒያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ጊዜ እጁን ዘርግቶ መስመሩን ሲያልፍ ብዙዎቻችን አይተናል። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛው ሲሆን እናገራለሁ።) የአስመራው ልጅ በዚህ ውድድር አንድ የቀን ጉዞ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ፤ ከዚያም አረንጓዴውን ማልያ ለብሶ ኒስ ገባ። ይሄኛው ክፍል ለማየትም ደስ ይላል፣ ለማውራትም ቀላል ነው።

እኔን ሲያብሰለስለኝ የቆየው ግን ካሜራው እምብዛም የማያሳየው ክፍል ነው። አረንጓዴው ማልያ በአብዛኛው የስፕሪንተሮች ማልያ ነው፤ የመጨረሻዋን ሁለት መቶ ሜትር የሚበርሩት ሰዎች የሚፎካከሩበት። ማልያውን ይዞ ኒስ ለመድረስ ግን መብረር ብቻ አይበቃም፤ ተራራውን ማለፍ አለ። ቢኒያም ኒም ከተማ ላይ ወድቆ ከተጎዳ ከሦስት ቀን በኋላ፣ መንገዱ ላ ቦኔት በሚባለው ተራራ 2,802 ሜትር ድረስ የሚያስወጣ ነበር። እዚያ ላይ ማንም እንዲያሸንፍ አልጠበቀም። የሚጠበቅበት ሰዓቱ ሳያልፍበት መድረስ ነበር።

የዛሬው ጥያቄዬ የሚነሳው ከዚች ሰዓት ነው። ማሸነፍ የማይችሉ ሰዎች በውድድሩ ለመቆየት ብቻ እርስ በርስ ሲረዳዱ፣ ያ መረዳዳት መልካምነት ነው ወይስ ስሌት? ከመረዳዳቱ ውጭ የቀረው፣ ብቻውን ተራራው ላይ የተገኘው ሰውስ ምን ይገባዋል?

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ሳምንት የሚፈጅ፣ 21 የቀን ጉዞዎች ያሉት ውድድር ነው። እያንዳንዱን ቀን ምዕራፍ እንበለው። አዘጋጆቹ መንገዱን በየዓመቱ አዲስ አድርገው ይስላሉ፤ ሁለቱ ትልልቅ የተራራ ሰንሰለቶች፣ አልፕስና ፒሬኔ፣ ግን አይቀሩም። ዳገቶቹ ከአራተኛ እስከ አንደኛ ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ ከሁሉም የከፉት ደግሞ «ከደረጃ በላይ» ይባላሉ።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚያስገርም ነገር አለ። በዚህ ውድድር ስሙ ከሁሉም በላይ የሚፈራው ቱርማሌ 2,115 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው ከቱርማሌ ጫፍ ከፍ ብሎ ተቀምጧል! ታዲያ ምኑ ነው የሚያስፈራው? የሚያስፈራው ከታች ያለው ነው። ከሳንት ማሪ ደ ካምፓን መንደር ተነስቶ 17 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በአማካይ ከሰባት በመቶ በላይ እየወጡ መሄድ። ተራራ የሚለካው በጫፉ ብቻ አይደለም፤ ከየት ተነስተህ ነው የወጣኸው የሚለውም አለ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። በየምዕራፉ አሸናፊው ከገባ በኋላ ሌሎቹ ሊደርሱ የሚገባበት የሰዓት ገደብ አለ። የሚሰላው የአሸናፊው ሰዓት ላይ በመቶኛ ጭማሪ በማድረግ ነው፤ መቶኛው እንደ መንገዱ ክብደትና እንደ አሸናፊው ፍጥነት ከፍ ዝቅ ይላል። ከገደቡ በኋላ የገባ በነጋታው አይነሳም፣ በቃ። ልብ በሉ፣ ገደቡ በትክክል የሚታወቀው አሸናፊው ከገባ በኋላ ነው። ኋላ ያለው ሰው የሚፈረድበት ፊት ያለው በሮጠው ልክ ነው ማለት ነው። ፊተኛው ያን ቀን ክንፍ ካበቀለ የኋለኛው ደቂቃዎች ይቀነሳሉ፤ ኋለኛው ምንም ሳያጠፋ።

ስለዚህ ተራራ ላይ በአንድ መንገድ ሁለት ውድድር ይካሄዳል። ፊት ያሉት ቢጫውን ማልያ ይፈልጋሉ። ኋላ ያሉት፣ ጡንቻቸው የከበደው ስፕሪንተሮች፣ የታመሙት፣ ትናንት የወደቁት፣ ለመሪያቸው ውሃ ሲያመላልሱ የዋሉት፣ ነገን ይፈልጋሉ። እነዚህ ሰዎች ተራራው ሲጀምር ይሰባሰባሉ። ጣልያኖች ስብስቡን ግሩፔቶ፣ ትንሿ ቡድን፣ ይሉታል። ፈረንሳዮች ደግሞ አውቶቡስ ይሉታል። ይሄኛው ለእኛም ይገባናል፦ ካመለጠህ አመለጠህ።

አውቶቡሱ የራሱ ያልተጻፈ ሕግ አለው። ዳገቱ ላይ ሁሉም ሊከተለው በሚችል ፍጥነት ይወጣል። ቁልቁለቱንና በተራሮቹ መካከል ያለውን ሜዳ ግን ነፋሱን ተራ በተራ እየሰበሩ በኃይል ይነዳሉ፤ ዳገት ላይ የጠፋው ደቂቃ የሚመለሰው እዚያ ነው። ሒሳቡን የሚያውቅ ልምድ ያለው ሰው «እንፍጠን»፣ «ቀስ» እያለ ይመራል። ትናንት ሜዳ ላይ በክርን ሲገፋፉ የነበሩ ስፕሪንተሮች ዛሬ አንዱ ለአንዱ ነፋስ ይከላከላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይኸው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው፦ ይሄ መልካምነት ነው?

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት አንድ የታወቀ ምሳሌ አለው። አንድ ባለሱቅ ለማንም፣ ለሕፃን ልጅ እንኳን፣ ዋጋ አይጨምርም። ታማኝ ነው። ታማኝ የሆነው ግን ደንበኛ እንዳይሸሸው ከሆነ፣ ሥራው ትክክል ቢሆንም የሞራል ዋጋ የለውም ይላል ካንት፤ ጥቅሙ ቢገለበጥ እሱም ይገለበጥ ነበርና። በዚህ ሚዛን አውቶቡሱ የባለሱቆች ስብስብ ነው። ማንም ማንንም የሚወደው የለም፤ ነፋሱ ነው ያፋቀራቸው።

እኔ ይህ ሚዛን በግማሹ ልክ ነው ባይ ነኝ። ገጠር ያደገ ወይም ከወላጆቹ የሰማ ሰው ወንፈልን ያውቃል፦ ዛሬ የአንተን ማሳ እናጭዳለን፣ ነገ የእኔን። ቀኑ ይቆጠራል፣ የቀረ ይወቀሳል። ደቦ ግን ለቀቅ ይላል፤ የጠራው ሰው ያበላል፣ ያጠጣል፣ ጎረቤት መጥቶ ይሠራል። ወንፈል ስሌት ስለሆነ ብቻ «ሞራል የለውም» ብሎ የሚያጣጥለው ገበሬ ያለ አይመስለኝም። ሰዎች እየቆጠሩም ቢሆን ለዓመታት አብረው ሲያጭዱ፣ ከቆጠራው ያለፈ ነገር በመካከላቸው ይበቅላል። ወንፈልተኛህ ሲታመም ቀኑን አትቆጥርበትም። ስሌት የመልካምነት ጠላት ነው ብዬ አላምንም፤ ብዙ ጊዜ ችግኝ ጣቢያው ነው።

ደግሞ የዚህ ውድድር ታሪክ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። መጀመሪያ ላይ መረዳዳት ወንጀል ነበር። የቱሩ መሥራች ኦንሪ ዴግራንዥ የሚፈልገው ብቻውን የሚታገል ሰው ነበር፤ ፍጹም የሚሆነው ቱር አንድ ሰው ብቻ የሚጨርሰው ነው ብሏል ይባልለታል። በ1911 ሞሪስ ብሮኮ የተባለ ተወዳዳሪ የማሸነፍ ተስፋው ሲያልቅ፣ ከሰዓት ገደቡ ሊያልፍ የነበረውን ፍራንሷ ፋቤርን ጠብቆ እየመራ አስገባው። ዴግራንዥ ተናደደ፤ በጋዜጣው ላይ ብሮኮን «አሽከር» ብሎ ሰደበው። ያች ስድብ፣ ዶሜስቲክ፣ ዛሬ የሥራ መጠሪያ ናት። ለመሪያቸው ነፋስ የሚሰብሩ፣ ውሃ የሚያመጡ፣ ጎማቸውን የሚሰጡ ባለሙያዎች ሁሉ በእሷ ይጠራሉ።

ከዚያ የባሰም አለ። በ1913 ኦዤን ክሪስቶፍ ቱርማሌን ሲወርድ የፊት ጎማውን የሚይዘው ብረት ተሰበረበት። በደንቡ መሠረት ማንም ሊረዳው አይችልም። ብስክሌቱን ተሸክሞ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ወርዶ ሳንት ማሪ ደ ካምፓን ደረሰ፤ ቀጥቃጭ ቤት ገብቶ፣ ዳኞች ቆመው እያዩት፣ ብረቱን በገዛ እጁ ጠግኖ ቀጠለ። ግን ሁለቱም እጁ ሥራ ላይ ስለነበር አንድ ትንሽ ልጅ ወናፉን ነፋለት። ለዚህ ተቀጣ። አሥር ደቂቃ ነበር፤ በኋላ ወደ ሦስት ዝቅ ተደረገለት። አንድ ልጅ እሳት ስላቀጣጠለለት!

ያ ደንብ ዛሬ ያስቀናል። ያስቃል ልል ነበር፣ ግን ያስቀናልም፤ ቢያንስ ምን እንደሚለካ ያውቅ ነበርና፦ አንድ ሰውና አንድ ተራራ። ችግሩ እንዲህ ያለ ሰው በእውነት አለመኖሩ ነው። ክሪስቶፍ ብረት መቀጥቀጥን ከሰው ነው የተማረው። ወናፉን የሠራው ሌላ ሰው ነው። «ብቻህን ውጣው» የሚለው ሕግ የሚያያት የመጨረሻዋን እጅ፣ የልጁን እጅ ብቻ ነው። ሌሎቹን እጆች አያያቸውም።

እንግዲህ ወደ ቲኝ እንሂድ። ሐምሌ 4 ቀን 2021፣ በእነሱው አቆጣጠር። ምዕራፉ ዘጠነኛው፣ ከክሉዝ እስከ ቲኝ፣ 145 ኪሎ ሜትር ገደማ። ርዝመቱ አያስፈራም። ዳገቶቹ ግን አሉ፦ ሴዚ፣ ከደረጃ በላይ የሆነው ኮል ዱ ፕሬ፣ ኮርሜ ደ ሮዝላን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ወደ ቲኝ የሚያወጣው ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር። ቀኑ ዝናብና ብርድ ነበር። አውስትራሊያዊው ቤን ኦኮነር አሸነፈ። ገደቡ ከእሱ በኋላ 37 ደቂቃ ገደማ ሆነ።

ኋላ ላይ ማርክ ካቨንዲሽ አለ። የዘመኑ ትልቁ ስፕሪንተር ነው፤ ዳገት ግን አይሆንለትም። የቡድን ጓደኞቹ ቀኑን ሙሉ ከጎኑ አልተለዩም። አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ሲቀረው ገባ። ከሁለት ቀን በኋላ ቫሎንስ ላይ አሸነፈ፤ በዚያው ሳምንት የኤዲ መርክስን የ34 ድል ክብረ ወሰን ተጋራ፤ በ2024 ደግሞ 35ኛውን ጨምሮ ብቻውን ያዘው። ያ ሁሉ ታሪክ በዘጠና ሰከንድ ክር ተንጠልጥሎ ነበር። ያን ቀን ሌላው ስፕሪንተር አርኖ ዴማር አልደረሰም፤ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከሁሉም ኋላ ደግሞ ኒክ ድላሚኒ አለ። ከኬፕ ታውን ድሃ ሰፈር የወጣ፣ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ጥቁር ደቡብ አፍሪካዊ። ያን ቀን ወድቆ ነበር። አውቶቡሱ አመለጠው። ከኋላው የሚከተለው መጥረጊያ መኪና ብቻ ቀረ፤ ያቋረጡትን የሚለቅመው፣ ድሮ እውነተኛ መጥረጊያ ይታሰርበት የነበረው መኪና። በሩ ክፍት ነው፣ ውስጡ ሙቀት አለ፣ ቁልቁለቱም ዳገቱም ያበቃል። ድላሚኒ አልገባም። ቲኝ የደረሰው ከአሸናፊው ከአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። ከገደቡ በእጥፍ አልፏል፤ ማለፉንም ዳገቱ ላይ ሳለ ያውቀዋል። ነገ የለውም። ሆኖም እስከ መስመሩ ሄደ።

ይህን ከ2011 ጎን አስቀምጡት። ያኔ ምዕራፉ ጋሊቢዬ ተራራ ላይ፣ ከ2,600 ሜትር በላይ ያበቃ ነበር። 88 ሰዎች ከገደቡ በኋላ ገቡ፤ የውድድሩ ግማሽ ያህል። ካቨንዲሽም መካከላቸው ነበር። ዳኞቹ ምን አደረጉ? ሁሉንም መለሷቸው። ሕጉ ለዳኞች እንዲህ ያለ ሥልጣን ይሰጣል። ካቨንዲሽ ከአረንጓዴው ማልያ ነጥቡ ሃያ ተቀነሰበት፣ ማልያውን ግን ወሰደ።

ሰማንያ ስምንት ሰው ዘግይቶ ይቅር ይባላል። አንድ ሰው ዘግይቶ ሻንጣውን ይሸክፋል። ጥፋቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ቁጥሩ ነው።

ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። ያኔ ሁሉም «ፈተናው ምን ነካው? ትምህርቱ ምን ሆኖ ነው?» አለ፤ የሬሜዲያል ፕሮግራምም ተከፈተ። ትክክልም ነበር። ግን አስቡት፦ ሁሉም ሲወድቅ ጥያቄው ወደ ፈተናው ይሄዳል። አንድ ልጅ ብቻውን ሲወድቅ ጥያቄው ወደ ልጁ ይሄዳል። እሱ ጋ «ምን ነካህ?» የሚባለው ቁጣ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። ብዙ ሰው ሲዘገይ ምክንያት ይፈለጋል፤ አንድ ሰው ሲዘገይ ሰበብ ነው ይባላል።

እዚህ ጋ «እንግዲያው ገደቡ ይጥፋ» ማለት ቀላል ነው። አልልም። ገደቡ ባይኖር ስፕሪንተሩ ተራራውን ሽርሽር አድርጎት፣ ነገ ሜዳ ላይ ትኩስ እግር ይዞ ይመጣ ነበር፤ ራሱን ገድሎ በሰዓቱ የደረሰው ይበደል ነበር። ገደቡ ስምም አይመርጥም፦ ያው ካቨንዲሽ በ2018 ላ ሮዚዬር ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ገብቶ ተሰናብቷል፤ የ30 ድል ባለቤት ሆኖ። እና የድላሚኒ መሰናበት ፍትሕ አልጎደለውም። ሕጉ ሊያደርግ የሚችለውን አደረገ።

ነገር ግን በ2011 የሆነውን «ምሕረት» ብለን ባንጠራው ጥሩ ነው። ግማሽ ተወዳዳሪ ቢሰናበት ፓሪስ የሚገባ ውድድር አይኖርም፤ ዳኞቹ ያዳኑት ውድድሩን ነው። ምሕረት የምንለው ነገር ለማንም ጥቅም ለማይሰጠው፣ ለአንዱ ሲደረግ ነው ስሙ የሚታወቀው። እሱን ደግሞ ከደንብ መጽሐፍ መጠበቅ የዋህነት ነው። ደንብ በባሕርዩ አንድ ሰውን ማየት አይችልም፤ ሰዓት ነው የሚያየው። አንድ ሰውን ማየት የሚችለው ሌላ ሰው ነው፦ ፋቤርን የጠበቀው ብሮኮ፣ ወናፉ ጋ የቆመው ልጅ። ልብ ካላችሁ፣ ሁለቱም ያደረጉት ነገር ደንቡን መጣስ ነበር።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ ይሄ ነው፦ የአውቶቡሱ መረዳዳት ስሌት ነው፣ ስሌትነቱም አያሳፍርም። ግን ከስሌት ያለፈ መሆኑ የሚፈተነው አንድ ሰው ሲያመልጠው ነው። እሱን መጠበቅ ለማንም አይጠቅምም፤ ዘጠና ሰከንድ የቀራቸውን ያስወጣቸዋል። ያን ቀን ድላሚኒን ባለመጠበቃቸው ማንንም አልወቅስም። እኔም ብሆን የምጠብቅ አይመስለኝም። የአንዳንድ መልካምነት ዋጋ ውድ ስለሆነ ልንጠይቀው አንችልም፤ ሲደረግ ግን ባርኔጣ ማውለቅ እንችላለን።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄስ? ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀን ነገር መጨረስ ምን ዋጋ አለው? ለድላሚኒ ነጥብ አልተሰጠውም፣ ደረጃም አልተያዘለትም፤ በመዝገቡ ላይ ከገደብ ውጭ ተብሎ ተጽፏል። አንዳንድ ሰው «እልህ ነው» ይላል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ዳገቱን ሌላ ነገር አድርጎበታል ባይ ነኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የመንገዱ ልክ የሌላ ሰው ነበር፦ አዘጋጁ ይስለዋል፣ አሸናፊው ሰዓቱን ይወስነዋል። ገደቡ ካለፈ በኋላ ግን የቀረው ኪሎ ሜትር የማንም አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ በእሱ ምርጫ የሚጋለብ መንገድ ነው።

ይህን ስል ተሸናፊነትን ለማስዋብ አይደለም። ብዙዎቻችን በዚህ ዕድሜ የሆነ ገደብ አልፎናል፦ በ25 ዓመት ሥራ፣ በ28 ቤት፣ በ30 ትዳር የሚሉት፤ ማን እንዳወጣቸው የማይታወቁ፣ ፊት ያሉት በሮጡ ቁጥር የሚያጥሩ ሰዓቶች። አውቶቡሱ የያዘው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ይንዳ፣ ተራውን ነፋስ ይስበር። ያልያዘው ሰው ግን መጥረጊያ መኪናው ውስጥ የመግባት ግዴታ የለበትም። መግባትም አያሳፍርም። በሩ ላይ ቆሞ የሚወስነው እሱ ነው፤ በመስኮት የምናየው እኛ አይደለንም።

በሚቀጥለው ቱር የተራራ ምዕራፍ ስታዩ፣ አሸናፊው ገብቶ እጁን ካነሳ በኋላ ስርጭቱን ወዲያው አትዝጉት። ሰዓቱን ያዙና ቆዩ። ሃያ ደቂቃ፣ ሠላሳ ደቂቃ ቆይቶ አውቶቡሱ ይመጣል፤ ማልያቸው የተለያየ፣ ፊታቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሰዎች። ከእነሱ በኋላ ካሜራው ብዙ ጊዜ ይጠፋል። መንገዱ ላይ ግን አንድ ሰው ሊኖር ይችላል።